ብርድ ብርድ ሲለኝ «ፈራሽ» አሉኝ

በ19 ዓመቴ ፍርሃትን በሰው ላይ እንጂ በራሴ ላይ አላውቀውም ነበር። ውድድር ሲቃረብ ጓደኞቼን እህል ይዘጋቸዋል፤ ሌሊቱን ሲገላበጡ ያድራሉ፤ ሲነጋ ከመጸዳጃ ቤት በር አይጠፉም። እኔ እበላለሁ፣ እጠጣለሁ፣ ራሴን ትራስ ላይ ሳሳርፍ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ይወስደኛል። ጠዋት ስነሣ የሚሰማኝ ነገር ቢኖር እግሬን የሚበላኝ ችኮላ ነው። በኅዳር 2012 ዓ.ም. በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ሰሞን የደረሰብኝን ከመመስከሬ በፊት ይህን አስቀድሜ መናገር አለብኝ። ያን ጊዜ የነበረኝን ልበ ሙሉነት ያላወቀ ሰው፣ ሞት ያን ያህል ተጠግቶኝ ሳለ ለምን ማንም እንዳላየው አይገባውም።

ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ያለው የጃቢ ጠህናን ገጠር ልጅ ነኝ። ከቤታችን ወደ ትምህርት ቤት ለመድረስ ወንዝ ተሻግሮ ዳገት መውጣት ግድ ስለነበር ሩጫን ማንም ሳያስተምረኝ ለመድኩት። የስፖርት መምህራችን በወረዳ ውድድር አሰለፉኝ፤ ከዚያ የታዳጊ አትሌቶች ማሠልጠኛ ፕሮጀክት ውስጥ ታቀፍኩ፤ ከፕሮጀክት ወደ ክለብ ተሻገርኩ። ከተማ ገብቼ ከሌሎች ልጆች ጋር ቤት ተከራይቼ ስኖር ሳምንቱ በኮሮኮንች፣ በዳገትና በአስፓልት ልምምድ ተከፋፍሎ ያልቅ ነበር። የተሸነፍኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ስሸነፍ ግን «ዛሬ እሷን ቀናት» ብዬ ጫማዬን እፈታለሁ፤ ነገ የእኔ እንደሚሆን ለአንድ አፍታ እንኳ ተጠራጥሬ አላውቅም። አሠልጣኛችን ይህን ጠባዬን ይወደዋልም፣ ይጠረጥረዋልም። «አንቺ ልጅ ገና አልገባሽም» ይለኝ ነበር።

ክለቤ ለአዲስ አበባው ውድድር ሲመርጠኝ ደስታዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ታላቁ ሩጫ በኅዳር 1994 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱ ሮጦ ያሸነፈበት ውድድር ነው። ዛሬ ከ40 ሺህ የሚበልጥ ሕዝብ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ እየጨፈረ ይሮጥበታል። ከሕዝቡ ፊት የሚሰለፉት አትሌቶች ግን ለጭፈራ አይመጡም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ 10 ኪሎ ሜትር የሚሮጡት ለሽልማቱ ነው፤ ደግሞም ማናጀር እንዲያያቸው ነው። ማናጀር ያየው ልጅ ፓስፖርት ያወጣል፤ ፓስፖርት ያወጣ ልጅ የአባቱን ቤት ቆርቆሮ ያለብሳል። እኔም ሌሊት ዓይኔን ስጨፍን ውድድሩ የሚታየኝ ከመጨረሻው ጀምሮ ነበር፤ መጀመሪያ ቆርቆሮው፣ ቀጥሎ ሽልማቱ፣ ቀጥሎ የመጨረሻው ፍጥነት። መነሻው መስመር ላይ ሳልደርስ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ውድድሩ የሚቃረብበት ሰሞን በእኛ አገር የበርበሬ ወቅት ነው። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የተበደረውን የሚከፍለው በዚያ ቀይ ምርት ነው። አባቴ ወደ ብር ወንዝ ወረድ ብሎ በእኩል የሚያርሰው መሬት ነበረው። በርበሬ ሲቀላ ለቃሚ ይፈልጋል፤ የተለቀመው ደግሞ እስኪደርቅ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ሌባ የሚወደው ምርት ነውና። ወደ አዲስ አበባ ከመሄዴ ቀደም ብዬ ቤተሰቤን ለማገዝ ወረድኩ። ቀን እንለቅማለን፤ ማታ በእርሻው ዳር በተሠራችው ጎጆ ከወንድሜ ጋር እናድራለን። ሳይነጋ ተነሥቼ በወንዙ ዳር ያለውን ለጥ ያለ ሜዳ እሮጥበታለሁ። ከፍ ካለው አገር ይልቅ አየሩ ወፍራም ስለሆነ እግሬ እንደ ላስቲክ ይዘረጋል፤ ሰዓቴን አይቼ እስቃለሁ።

ሴት አያቴ ግን መውረዴን አልወደዱትም። «ለደገኛ ቆላ ይታረሳል እንጂ አይታደርም» ይሉ ነበር። እሳቸው ልጅ ሳሉ በ1951 ዓ.ም. መኸር ወባ ደጋውን ሳይቀር ያጠቃበትን ዘመን ያስታውሳሉ፤ አዝመራው ደርሶ አጫጅ ያጣበትን። በኋላ እንዳነበብኩት በዚያ ወረርሽኝ በመላ አገሪቱ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ ሞቷል ተብሎ ይገመታል። የተጠቁትም 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ፣ ሰውነታቸው ከበሽታው ጋር ትውውቅ የሌለው ሰዎች ጭምር ነበሩ። ፍኖተ ሰላም ራሷ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለእኔ ግን ያ የአያቴ ዘመን ተረት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሁን የማውቀውን ይዤ ስመለከተው ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። በአገራችን ወባን በዋናነት የምታስተላልፈው አኖፊለስ አራቢያንሲስ የምትባለው ትንኝ ከምሽት እስከ ንጋት ትናከሳለች። ያስገባችው ተሕዋስ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ተሸሽጎ ይራባል። ፋልሲፓረም የተባለው ዋነኛው ገዳይ ዓይነት ከሆነ ሕመሙ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከንክሻው ከ7 እስከ 14 ቀን በኋላ ነው። በዚያ መካከል ሰውየው ጤነኛ ነው፤ ይበላል፣ ይሮጣል፣ ሰዓት ያመጣል። እኔም በዚያ መካከል ነበር ከተማ ተመልሼ የመጨረሻውን ቴስት የሠራሁት። ሮጬ የማላውቀውን ሰዓት አመጣሁ። አሠልጣኙ ሰዓቱን ሁለቴ አይቶ ዝም አለ፤ ልጆቹ አጨበጨቡልኝ።

አውቶቡሱ ከፍኖተ ሰላም የተነሣው በሌሊት ነው። ደምበጫን፣ ደብረ ማርቆስን አልፈን ደጀን ስንደርስ ራሴን ይወቅረኝ ጀመር። የአባይን በረሃ ስንወርድና ስንወጣ ከኋላዬ ያሉት ሁሉ ያስመልሳቸው ስለነበር የእኔም ራስ ምታት የጠመዝማዛው መንገድ ነው አልኩ። ጎሐ ጽዮን ላይ ሻይ ጠጣሁ፤ ለቀቅ አደረገኝ። መስኮቱን ከፍቼ የሰላሌን ሜዳ እያየሁ እዘፍን ነበር።

አዲስ አበባ በገባን ማግሥት፣ ምሽት ላይ፣ ብርድ ብርድ አለኝ። የኅዳር ብርድ የታወቀ ስለሆነ ጋቢ ደረብኩ። ጋቢው አልበቃም። የጓደኛዬን ብርድ ልብስ ጨመርኩ፤ ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር፤ ጉልበቴ ብቻውን ይዘላል፤ ልቤ ዳገት የወጣሁ ይመስል ይመታል። ከእኔ በዕድሜ የምትበልጠው የክፍል ጓደኛዬ መብራቱን አብርታ አየችኝና ሳቋን ለቀቀችው።

«እሰይ! አንቺም እንደ ሰው ፈራሽ?»

ሳቋ ክፋት አልነበረውም። ለዓመታት ከውድድር በፊት ስትንቀጠቀጥ እያየኋት በሰላም ያደርኩባት ልጅ ናት፤ እፎይታ ነበር የተሰማት። ጠዋት ለአሠልጣኙ ነገረችው። እሱም ደስ አለው። «እንግዲህ አትሌት ሆንሽ» አለኝ። «እስከ ዛሬ ያልፈራሽው ስላልገባሽ ነው። ያልፈራ አትሌት ራሱን አይቆጥብም።» ለሁሉም መድኃኒት ቤት ሄደን ፓራሲታሞል ተሰጠኝ። ሙቀቱ ወረደ።

እኔ ግን አፈርኩ። ፍርሃትን ቀምሼው ስለማላውቅ ሲመጣ ይህን ይመስል እንደሆነ የማነጻጽርበት ነገር አልነበረኝም። ጓደኞቼ ሲነግሩኝ የኖሩትን በሙሉ በራሴ ላይ አገኘሁት፤ እህል ዘጋኝ፣ ሆዴ ታወከ፣ እንቅልፍ አጣሁ፣ ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። አንድም የጎደለ ምልክት የለም። ለካ ይሄ ነው፣ አልኩ በልቤ። ለካ ሁሉም ሰው ይህን ተሸክሞ ነው የሚሮጠው፤ እኔ ብቻ ባዶ እጄን ስሮጥ ኖሬ ነው ያሸነፍኳቸው። በዚያች ሌሊት በራሴ ላይ የነበረኝ መተማመን ተሰነጠቀ። ከሕመሙ ይልቅ ያ ስንጥቅ አመመኝ።

ወባ ሲይዝ ሦስት ነገር ያደርጋል፤ መጀመሪያ ያንቀጠቅጣል፣ ቀጥሎ ያቃጥላል፣ በመጨረሻ ላብ በላብ አድርጎ ይለቃል። ሲለቅ ሰው የዳነ ይመስለዋል። እኔም ሁለተኛው ሌሊት ላይ አንሶላው እስኪረጥብ አልቦኝ ሲነጋ ሰውነቴ ቀለለኝ። ውድድሩ በማግሥቱ ነበር። ቁርስ ቀመስኩ፤ ቀላል ሩጫ ሮጥኩ፤ ሳቅሁም። አሠልጣኛችን ማታ ሰብስቦን የአበበ ቢቂላን ታሪክ አወጋን። ለቶኪዮ ኦሊምፒክ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ፣ ቁስሉ በወጉ ሳይሽር በ1964 እ.ኤ.አ. 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ፤ ሲጨርስም ሜዳው ላይ ጂምናስቲክ ሠራ። «እናንተ ደግሞ ትንሽ ልባችን መታ ብላችሁ ታወራላችሁ» አለ ወደ እኔ እያየ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ፍርሃቴን ያሸነፍኩ መሰለኝ፤ ያ ድል ከዚያ ቀደም ካሸነፍኳቸው ሁሉ በልጦ ኮራሁበት።

የውድድሩ ጠዋት ቁጥሬን ደረቴ ላይ ስሰካ ጣቶቼ መርፌ ቁልፉን አልይዝ አሉኝ። ጓደኛዬ ሰካችልኝ። ሰውነት ስናሟሙቅ ሌሎቹ ሲያልባቸው እኔ ይበርደኛል። መነሻው መስመር ላይ ስቆም ከኋላችን ያለው ሕዝብ ጩኸት እንደ ወንዝ ይሰማኛል፤ አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል። ከፊቴ ያሉት ትከሻዎች ሁለት ሁለት ሆነው ታዩኝ። ያም ሆኖ ውስጤ የነበረው ልጅነት አልሞተም። ተኩሱ እስኪሰማ ብቻ ነው፣ እያልኩ ለራሴ እነግረው ነበር። ጓደኞቼ ሁሉ ይሉት የነበረው ይህንኑ ነው፤ ፍርሃት ሽጉጡ ሲተኮስ ይሄዳል።

ተተኮሰ። አልሄደም።

መጀመሪያ ላይ ከመሪዎቹ ጋር ነበርኩ። ዳገቱ ሲጀምር እግሬ ታዘዘኝ፤ የከዳኝ ትንፋሼ ነው። በሕይወቴ ሙሉ አየር እንደ ልቤ የማስገባ ልጅ፣ ያን ቀን ስቤ ስቤ አየሩ የትም አይደርስልኝም። ምክንያቱን አሁን አውቀዋለሁ። የወባው ተሕዋስ የሚራባው ቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ነው፤ ሞልቶ ሲያፈነዳቸው ኦክስጅን የሚሸከመው ራሱ ያልቃል። የደጋ ልጅ በሩጫ ዓለም የምትመካበት አንድ ሀብት ቢኖር ይህ ደሟ ነው። እኔ ዳገቱን የወጣሁት ያን ሀብት ከውስጥ እየተዘረፍኩ ነበር። ተሕዋሱ የደም ስኳርንም ያሟጥጣል፤ ሯጭም ያሟጥጣል፤ ሁለታችን አንዱን ጓዳ እየዘረፍን ነበር።

ተቆረጥኩ። መሪዎቹ ሲሄዱ ጀርባቸውን አየሁ። በዚያ ዓመት ያሸነፈችው ያለምዘርፍ የኋላው ናት፤ የውድድሩን ክብረ ወሰንም አሻሽላለች። በዕድሜ እኩዮች ልንባል የምንችል ነን። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ቁርጥራጭ ነው፤ በመንገዱ ዳር አንድ ሰው «በርቺ! በርቺ!» ይላል፤ አስፓልቱ ወደ ላይ ይነሣል፤ አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም አለ፤ አባቴን ጠርቼ «በርበሬው እየረጠበ ነው፣ አንሡት» እላለሁ። ይህን መናገሬን የነገሩኝ ያነሡኝ ልጆች ናቸው።

ሆስፒታል ስደርስ ያዩኝ ሁሉ ያሰቡት ተገቢውን ነው፤ ሯጭ ናት፣ ውኃ አጥሯታል፣ ተዳክማለች። ግሉኮስ ተሰካልኝ። ስኳሩ ሲገባ ዓይኔን ገለጥኩ፤ ሆኖም አእምሮዬ አልተመለሰም። የማይገናኝ ነገር እናገራለሁ፤ ሙቀቴ እንደገና ይወጣል፤ ሽንቴ ጠቁሯል። አዲስ አበባ ደጋ ናት፤ ወባ የለባትም፤ ሐኪም ፊት ለፊቱ ያለችውን ከተማ አይቶ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሕይወቴን ያተረፈችው ተረኛዋ ነርስ ናት። ቆላ አገር ስትሠራ የኖረች ሴት ነበረች። ጓደኛዬን ጠራቻትና አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት።

«የእኔ እናት፣ ይቺ ልጅ በዚህ ወር የት ነው ያደረችው?»

ጓደኛዬ የበርበሬውን ነገር ነገረቻት። ነርሷ ሌላ አልጠየቀችም፤ ከጣቴ ጫፍ ደም ቀድታ ይዛ ወጣች። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ፋልሲፓረም ሞልቶ ተገኘ። ወዲያው አርቴሱኔት መርፌ ተጀመረልኝ፤ አንዱ ያኔውኑ፣ ሁለተኛው ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛው ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ በየቀኑ። ይህ መድኃኒት የሚቀመምበትን ንጥረ ነገር ያገኘችው ቱ ዩዩ የምትባል ቻይናዊት ናት፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሸልማበታለች። የቀመመችበትም ተክል ከእኛው አሪቲና ጭቁኝ ጋር አንድ ዘር ነው። አያቴ ይህን ስነግራቸው ምንም አልገረማቸውም።

አእምሮዬ ሲመለስ አባቴ አልጋው አጠገብ ቆሞ ነበር። አዲስ አበባን ከዚያ ቀደም አይቷት አያውቅም። በርበሬውን ገና ሳይደርቅ በርካሽ ሸጦ ነው የመጣው።

«በርበሬው ነው የበላሽ ልጀ» አለኝ።

«ትንኝ ናት አባየ።»

«እኔ ነኝ ያወረድኩሽ።»

«እኔም እኮ ደስ ብሎኝ ነው የወረድኩ።»

ሌላ አልተነጋገርንም። የእጁን ሻካራነት ግንባሬ ላይ ሲሰማኝ ሙቀቴን እየለካ እንደሆነ ገባኝ፤ በዚያ ሳምንት ስንት ሰው «አይዞሽ» ብሎኝ አንድም እጅ ግንባሬን ነክቶ እንዳላየው ያን ጊዜ ታሰበኝ።

ማገገሙ ከሩጫው ይልቅ ረዥም ነበር። ፀጉሬ ረገፈ። ከአልጋ ተነሥቼ እስከ በር ለመሄድ ግድግዳ እይዛለሁ። ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ የደሜ መጠን ገና አልሞላም ነበር፤ ሕፃናት እየሮጡ ሲያልፉኝ ቆሜ አሳልፋቸዋለሁ። እንደገና ኮሮኮንች ላይ የወጣሁት ወራት ቆይቶ ነው። በዚያ የመጨረሻ ቴስት ያመጣሁትን ሰዓት ግን ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም። ሮጫለሁ፤ በክልል ውድድር ደረጃ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ዛሬ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜዬን ከፕሮጀክት ልጆች ጋር አሳልፋለሁ።

ተኝቼ በቆየሁበት ጊዜ ብዙ ነገር ሳነብ የአንድ ሰው ታሪክ አላስተኛ አለኝ። ፋውስቶ ኮፒ የሚባል ጣሊያናዊ ብስክሌተኛ ነበር፤ የጣሊያንን ዙር አምስት ጊዜ፣ የፈረንሳይን ዙር ሁለት ጊዜ ያሸነፈ። በታኅሣሥ 1959 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋር ዛሬ ቡርኪና ፋሶ ወደምትባለው አገር ለውድድርና ለአደን ሄደ። እሱና ፈረንሳዊው ራፋኤል ዤሚኒያኒ ሲመለሱ ሁለቱም ታመሙ። የፈረንሳዊው ሐኪሞች ወባ መሆኑን ለይተው አከሙት፤ ዳነ። የኮፒ ሐኪሞች ግን የሳንባ ጉንፋን መሰላቸው። ያ አንድ ዘመን በሳንባና በልብ ጥንካሬው ሲያስደንቅ የኖረ ሰው በ40 ዓመቱ፣ ጥር 2 ቀን 1960 እ.ኤ.አ. ሞተ። የሁለቱ ሰዎች ጉልበት አልነበረም የለያቸው። አንደኛው ደሙ ታየለት፤ ሁለተኛው አልታየለትም።

የአበበንም ታሪክ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አሠልጣኛችን ቶኪዮ ላይ ነበር ያቆመው። ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮ አበበ እግሩን ታሞ ተሰለፈ፤ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ቀጥሎ ወርቁን ለኢትዮጵያ አመጣ። በዚህ አበበ ምን አነሰ? ምንም። ስንት ትውልድ ልጅ የቶኪዮው ቁስል ሲነገረው አድጎ የሜክሲኮው ማቋረጥ ሳይነገረው ቀርቷል! ሁለቱ ታሪኮች አብረው ቢነገሩ ኖሮ እኔ የተማርኩትን ሌሎች ሳይታመሙ ይማሩት ነበር።

በመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ያለምዘርፍ በለንደን ማራቶን ስትሮጥ ከሠፈር ሰው ጋር በቴሌቪዥን አየሁ። ሩጫው ሊያልቅ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው መንገዱ ላይ ያለ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ አደናቅፎ ጣላት። ተነሣች፤ ደረሰችባቸው፤ አለፈቻቸው፤ በ23 ዓመቷ በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈች። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። አንዱ ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ? ጀግና ወድቆ ይነሣል!» አለኝ። ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም እልል ብያለሁ። ግን ወድቆ መነሣት ሁልጊዜ አንድ ነገር አይደለም። ጉብታ የጣለው ሰው የሚነሣበት ደም አለው። እኔ የወደቅኩ ዕለት ተነሥቼ ቢሆን ኖሮ፣ ብዙዎች እንደሚመኙት ጨርሼ ቢሆን ኖሮ፣ ሆስፒታል ሳልደርስ፣ ያቺ ነርስ ሳትጠይቅ፣ ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ «ደክሟታል፣ ትተኛ» ተብዬ እቀር ነበር። መውደቄ ነው ያዳነኝ።

ስለ ፍርሃትም አሁን አውቃለሁ፤ ከሕመሙ በኋላ እውነተኛው መጥቶብኛልና። ወደ ውድድር የተመለስኩ ዕለት ጉልበቴ ከዳኝ፣ አፌ ደረቀ፣ እህል ዘጋኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በእውነት ፈራሁ። ያኔ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ማየት ቻልኩ። ፍርሃት ስለ ውድድሩ ስታስቢ ይብሳል፤ ሐሳብሽን ሲለውጡት ይረግባል፤ ሰው ሲያቅፍሽ ይቀንሳል፤ ተኩሱ ሲሰማ ይሄዳል። የወባ ንዳድ ግን በሐሳብሽ አይገደውም። ቀልድ ብትሰሚም ያንቀጠቅጥሻል፤ በሁለት ጋቢ ሥር ይበርድሻል፤ በላብ ይለቅሽና በሰዓቱ ይመለሳል። ተተኩሶ ሁሉም ሲነሣ ንዳዱም አብሮሽ ይነሣል። ይህን ልዩነት በጤና ዘመን ማንም አይነግርሽም፤ ምክንያቱም አትሌት መንቀጥቀጡን ለአሠልጣኝ ሲናገር የሚያገኘው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ አይዞህ።

ይህን የምጽፈው ወባ ወደ ኋላ የቀረ ታሪክ ስላልሆነ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙንና ከ1,100 በላይ መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። የእኛ ሯጭ ልጆች ደግሞ የገበሬ ልጆች ናቸው። አዝመራ ሲደርስ ቤተሰባቸውን ለማገዝ ቆላ ይወርዳሉ፤ መውረዳቸውም የሚያስመሰግን ነው። ትልልቆቹ የጎዳና ሩጫዎችና የክለብ ምርጫዎች የሚመጡት ያንኑ ወር ተከትለው ነው። የትንኟና የውድድሩ የቀን መቁጠሪያ ገጥሟል።

ስለዚህ ለአሠልጣኝ፣ ለወላጅ፣ ለክፍል ጓደኛ የምለው አጭር ነው። ከውድድር በፊት የሚንቀጠቀጥ ልጅ ስታዩ መጀመሪያ ግንባሩን ንኩት። ቀጥሎ በዚህ ወር የት እንዳደረ ጠይቁት። መልሱ ቆላ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ በፈጣኑ መመርመሪያ ከጣት ጫፍ የተወሰደ ጠብታ ደም በ20 ደቂቃ ውስጥ መልስ ይሰጣል። ምርመራው ከጀግንነቱ አይቀንስበትም። ልበ ሙሉ የሆነውንማ አብዝታችሁ ጠይቁት፤ ፈርቶ ስለማያውቅ የመጣበትን አይለየውም።

ባለፈው ወደ ባሕር ዳር ውድድር ልንሄድ ስንል አንዱ የፕሮጀክት ልጅ ብርድ ብርድ አለኝ ብሎ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። እንደኔ ጉረኛ ነው፤ ሲያሸንፍ ሰማይ አይበቃውም። በቆሎ ለመጠበቅ ቆላ አድሮ እንደነበር ሲነግረኝ እጁን ይዤ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ እሱ አፍሮ መሬት መሬት ያያል፤ እኔ የመመርመሪያዋን መስመር አያለሁ። ባለሙያዋ ወጥታ «ነፃ ነው፤ ምንም የለበትም» አለች።

«እንግዲያውማ ፈርተሃል» አልኩት። «ተነሥ፣ ሂድና ሩጥ።»